በቤተ ክርስቲያናችን ሕግ የሚያወጣው ማን ነው? የምእመናንስ ድርሻ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። የምኖረው በሰሜን አሜሪካ ነው። በአጥቢያችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ሐሳብ ሊቀርብ ነው። የልደት በዓል ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን ስለሚውልና ልጆቻችንም ትምህርት ቤት ስለሚሆኑ፣ በዓሉ በቀጣዩ እሑድ እንዲከበር በድምፅ ብልጫ ይወሰን የሚል ነው። ገሚሱ «ሕንፃውን በገንዘባችን የገዛነው እኛ ነን፤ መተዳደሪያ ደንባችንም ለጠቅላላ ጉባኤው ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ይህን መወሰን የሚችሉት ቅዱስ ፓትርያርኩ ብቻ ናቸው» ይላል። እኔን ሁለቱም መልሶች አላረኩኝም። ለመሆኑ በቤተ ክርስቲያናችን ሕግ የሚያወጣው ማን ነው? አንድ ጊዜ የወጣ ሕግ ሊለወጥ ይችላል? እኛ ምእመናንስ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ አለን? (ወለተ ሥላሴ)

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅታችን ወለተ ሥላሴ፣ ጉባኤው ሳይደረግ አስቀድመው መጠየቅዎ መልካም ነው፤ ብዙ አጥቢያዎች ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ድምፅ ከተሰጠና ሰው ከተለያየ በኋላ ነው። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው እውነት ቢኖራቸውም የሳቱት ነገር አንድ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕግ የማውጣት ሥልጣን የአንድ አባት የብቻ ሥልጣን አይደለም፤ ገንዘብ ያዋጡ ምእመናን ድምፅ ቆጥረው የሚወስዱትም አይደለም። ሥልጣኑ የጉባኤ ነው፤ ጉባኤውም ሐዋርያዊ ሥልጣን ያላቸው ሊቃነ ጳጳሳትና ኤጲስ ቆጶሳት የሚሰበሰቡበት ቅዱስ ሲኖዶስ ነው።

የዚህን ሥርዓት መነሻ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 እናገኘዋለን። ከአሕዛብ ወገን ያመኑ ሰዎች ይገረዙ ወይስ አይገረዙ የሚለው ክርክር የተነሣው በአንጾኪያ ነበር። አንጾኪያ ደግሞ ትንሽ አጥቢያ አልነበረችም፤ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት፣ ቅዱስ ጳውሎስና በርናባስ የሚያስተምሩባት ታላቅ ከተማ ነበረች። ይህን የሚያህሉ መምህራን እያሉ አንጾኪያ «ጉዳዩ የተነሣው በእኛ ዘንድ ነውና እኛው እንጨርሰው» አላለችም፤ መልእክተኞቿን ወደ ኢየሩሳሌም ላከች። በኢየሩሳሌምም ብዙ ክርክር ከሆነ በኋላ ጴጥሮስ ተነሥቶ ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ እግዚአብሔር በአሕዛብ መካከል የሠራውን መሰከሩ፣ በመጨረሻም ያዕቆብ ነገሩን ከነቢያት ቃል ጋር አስማምቶ ፍርድ ሰጠ። የሐዋርያት አለቃ ጴጥሮስ እንኳ ብቻውን ትእዛዝ ጽፎ አልላከም። ደብዳቤው የወጣው «እኛና መንፈስ ቅዱስ ፈቅደናልና» በሚል ቃል ነው፤ አንጾኪያ ደርሶ በተነበበ ጊዜም ምእመናኑ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ ጥያቄው ከታች ተነሣ፣ በጉባኤ ተመረመረ፣ ውሳኔው ወደ ታች ወርዶ በሕዝቡ ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። የቤተ ክርስቲያን ሕግ እስከ ዛሬ የሚወለደው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ ቅዱስ ፓትርያርኩ ሥልጣን የቀረበውንም ሐሳብ በዚሁ እንመልከተው። በሐዋርያት ስም በተሰበሰቡት ቀኖናት ውስጥ፣ የእያንዳንዱ ሕዝብ ኤጲስ ቆጶሳት ከመካከላቸው የመጀመሪያው ማን እንደሆነ ሊያውቁና እንደ ራስ ሊያዩት፣ ያለ እርሱ ፈቃድም ታላቅ ነገር እንዳያደርጉ ታዟል። ነገር ግን ቀኖናው በዚህ አያቆምም፤ እርሱም ራሱ ያለ ሁሉም ስምምነት ምንም እንዳያደርግ ያዛል። አንድ ብሔራዊት ቤተ ክርስቲያን ራሷን የምታስተዳድርበትን መንገድ ከዚህ ቀኖና አብልጦ በአጭሩ የገለጸ ጽሑፍ አላውቅም። ቅዱስ ፓትርያርኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ናቸው፤ ሲኖዶሱን በርእሰ መንበርነት ይመራሉ፣ ስማቸው በቅዳሴ ይጠራል፣ ያለ እርሳቸው ሲኖዶሱ ራስ የለውም። እርሳቸውም ያለ ሲኖዶሱ አዲስ ሕግ አያወጡም። ስለዚህ «ፓትርያርኩ ብቻ» የሚለው አነጋገር፣ አባትን ከማክበር የመጣ ቢሆንም፣ የቀኖናውን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው።

ይኸው የቀኖናት ስብስብ፣ ሰብሳቢ በፈለገ ጊዜ ብቻ እንዳይሰበሰቡ የስብሰባውን ቀን ጭምር ወስኗል፤ ጉባኤው በዓመት ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ አንዱ ከትንሣኤ በኋላ በአራተኛው ሳምንት፣ ሁለተኛው በጥቅምት 12 ቀን። ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬም ይህንኑ ትጠብቃለች። ትንሣኤ በዋለ በ25ኛው ቀን፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ርክበ ካህናት ይባላል፤ ያን ጊዜና በጥቅምት 12 ቀን ምልአተ ጉባኤው (የአባቶች ሙሉ ስብሰባ) በጸሎት ተከፍቶ ይሰበሰባል። በሁለቱ ጉባኤያት መካከል የሚነሣውን ጉዳይ ቋሚ ሲኖዶስ ያያል፤ የአስተዳደሩን ሥራ ጠቅላይ ቤተ ክህነት ይፈጽማል፤ የመጻሕፍትና የትምህርት ጥያቄ ሲነሣ ሊቃውንት ጉባኤ መርምሮ ለሲኖዶሱ ያቀርባል። ሕገ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው፣ የሲኖዶሱንና የአስተዳደሩን አቋም የሚወስነው ሕግም በ1991 ዓ.ም በዚሁ ጉባኤ ወጥቶ ከዚያም ወዲህ ተሻሽሏል።

«የወጣ ሕግ ሊለወጥ ይችላል?» ላሉት፣ መልሱ የሚወሰነው ሕጉ የሃይማኖት (የዶግማ) ወይም የሥርዓት (የቀኖና) በመሆኑ ነው። ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ የጌታችን የተዋሕዶ ምሥጢር በአጀንዳ ተይዞ ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ አይደለም፤ ሲኖዶሱም ቢሆን ሊጠብቀው እንጂ ሊያሻሽለው አይችልም። ቀኖና ግን ሃይማኖቱን ለመጠበቅና ሕይወትን ለማስተካከል በአባቶች የተሠራ ነውና፣ በሠሪው ጉባኤ ሊብራራ፣ ሊጨመርበት፣ አንዳንዴም ሊታረም ይችላል። የቀኖናችን ምንጮች ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት መካከል የሚቆጠሩት የሲኖዶስ መጻሕፍት (ሥርዓተ ጽዮን፣ ትእዛዝ፣ ግጽውና አብጥሊስ)፣ መጽሐፈ ኪዳን፣ ዲድስቅልያና ቀሌምንጦስ ናቸው። ከእነዚህ ቀጥሎ ፍትሐ ነገሥት አለ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው፣ 51 አንቀጾች ያሉት የሕግ መጽሐፍ ነው።

የቀኖና መታረም ምን እንደሚመስል ለማየት ከራሳችን ታሪክ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልገንም። በዚሁ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ፣ ስለ ፓትርያርኮች በሚናገረው በአራተኛው አንቀጽ፣ የኢትዮጵያ ሰዎች ከሊቃውንቶቻቸው መካከል በራሳቸው ፈቃድ ፓትርያርክ እንዳይሾሙ የሚከለክል ቃል ተጽፏል። ቃሉ በ325 ዓ.ም በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት እንደ ወሰኑት ተደርጎ ይጠቀስ ነበር። የኒቅያ ጉባኤ ያወጣቸው ቀኖናት ግን 20 ናቸው፤ ይህ ክልከላ ከእነርሱ ውስጥ የለም፤ በኋለኛው ዘመን በዐረብኛ በበዙት ቀኖናት ውስጥ የገባ ነው። እንዲህም ሆኖ፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሾመበት ጊዜ ጀምሮ ከ1600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ሊቀ ጳጳስ ከእስክንድርያ የሚመጣ ግብፃዊ ነበር። አንዱ ጳጳስ ሲያርፍ ሌላው እስኪመጣ አገሪቱ ለዓመታት ያለ ጳጳስ የምትቀርበት፣ ዲያቆንና ቄስ የሚሆነው ወጣት የሚሾመው አጥቶ የሚቆይበት ዘመን ብዙ ነበር። ይህን ሳስብ የአባቶቻችን ትዕግሥት ያስደንቀኛል፤ ሕጉ እንደሚከብዳቸው እያወቁ የእናት ቤተ ክርስቲያንን አንድነት ላለማፍረስ ዘመናትን ታገሡ።

ቀንበሩም የወረደው በጉባኤና በስምምነት፣ ደረጃ በደረጃ ነው። በ1921 ዓ.ም አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት፣ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ፣ በካይሮ ኤጲስ ቆጶሳት ሆነው ተሾሙ፤ ነገር ግን ሌላ ኤጲስ ቆጶስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም ነበር። (ከእነዚህ ከአራቱ ሁለቱ፣ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን በሰማዕትነት አረፉ።) በ1940 ዓ.ም ከእስክንድርያ ጋር በተደረገው ስምምነት ተጨማሪ ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ፤ በ1943 ዓ.ም አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም በካይሮ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአቡነ ቄርሎስ ስድስተኛ እጅ ፓትርያርክ ተባሉ። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ግን በ1963 ዓ.ም በአዲስ አበባ፣ በገዛ ወንድሞቻቸው በኢትዮጵያውያን ሊቃነ ጳጳሳት እጅ ተሾሙ። በመጽሐፍ የተጻፈና ለዘመናት የተሠራበት ሥርዓት እንዲህ ተለወጠ፤ የተለወጠውም አንድ አጥቢያ ወይም አንድ ሀገረ ስብከት በገዛ ፈቃዱ ስለጣሰው አይደለም። ጉባኤ ያሰረውን ጉባኤ ፈታው።

የጉባኤው ሥልጣን በሌላ እጅ ሲነካ የሚመጣውንም ጉዳት አይተናል። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ደግፏት ነበር፤ ድጋፉ ግን ከቤተ መንግሥት ፈቃድ ጋር አስተሳሰራት። ደርግ በመጣ ጊዜ አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ መንግሥት ፈቃድ ኤጲስ ቆጶሳት ሾመዋል ተብለው በ1968 ዓ.ም ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ምም በግፍ ተገደሉ። በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ ማግሥት አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ሲወርዱ የተከተለው መለያየት፣ እናንተ በምትኖሩበት በአሜሪካ ሁለት ሲኖዶስ እስከመባል አደረሰን፤ ወንድማማቾች በአንድ ከተማ ሆነው በአንድ ቅዳሴ የማይቆርቡበት ዘመን መጣ። ቁስሉ የተጠገነው በሐምሌ 2010 ዓ.ም በዋሽንግተን በተደረገው ዕርቅ ሲሆን፣ ያን ጊዜም መፍትሔው የመጣው አባቶች በአንድ ጉባኤ በመቀመጣቸው ነው። በጥር 2015 ዓ.ም ከቅዱስ ሲኖዶስ ውሳኔ ውጭ በተፈጸመው የኤጲስ ቆጶሳት ሢመት (ሹመት) የደረሰብንን ሐዘን ገና አልረሳነውም። ኤጲስ ቆጶስን ሦስት ጳጳሳት እጃቸውን ጭነው ሊሾሙት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሢመቱ ቀኖናዊ የሚሆነው የቀሩት አባቶች ሲስማሙበት መሆኑን ኒቅያ አስቀድሞ ወስኗል። የዛሬው ሕገ መንግሥት መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ በአንቀጽ 11 ደንግጓል፤ ይህን አጥር ከውጭ የሚጠብቀው ሕግ ቢሆንም ከውስጥ የሚጠብቀው ግን የእኛ ለጉባኤ መታዘዝ ነው።

አሁን ወደ ምእመናን ድርሻ ልምጣ፤ የሚበዛው ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከላይ የጻፍሁትን አንብቦ «እንግዲያው ምእመን ዝም ብሎ መታዘዝ ብቻ ነው» የሚል ቢኖር አልተረዳኝም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የማዕድ አገልግሎት በጎደለ ጊዜ ሐዋርያት «በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ከእናንተ ምረጡ» አሉ፤ ሕዝቡ መረጠ፣ ሐዋርያት ጸልየው እጃቸውን ጫኑ። ምርጫውና ምስክርነቱ የሕዝቡ፣ ሢመቱ የሐዋርያት ሆነ። በየካቲት 2005 ዓ.ም ስድስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ሲመረጡም ከአምስት ዕጩዎች መካከል የመረጧቸው ሊቃነ ጳጳሳት ብቻ አልነበሩም፤ የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ተወካዮች ድምፅ ሰጥተዋል፤ ከ806 ድምፅ 500 ያህሉን አግኝተው ተመርጠዋል። በዚያው ዓመት በጥቅምት እኅት ቤተ ክርስቲያን እስክንድርያ አቡነ ታዎድሮስን ስትመርጥ፣ በድምፅ የተለዩት ሦስት ስሞች በመሠዊያው ላይ ቆይተው ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን አንዱን በዕጣ አወጣ። መንገዳቸው ከእኛ ይለያል፤ በሁለቱም ግን ሕዝቡ አለበት፣ የመጨረሻው እጅ መጫንም የአባቶች ነው።

ለዕለት ዕለት ሕይወታችን ደግሞ ቃለ ዓዋዲ አለልን። ስሙ «ቃለ ዓዋዲ ዘይሰብክ በገዳም» (በምድረ በዳ የሚሰብክ የዐዋጅ ነጋሪ ቃል) ከሚለው የተወሰደው ይህ ደንብ በ1965 ዓ.ም በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ወጥቶ፣ በየአጥቢያው ከካህናት፣ ከምእመናንና ከወጣቶች የተውጣጣ ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም አደረገ፤ ከአጥቢያ እስከ ወረዳ፣ ከወረዳ እስከ ሀገረ ስብከት፣ ከዚያም እስከ መንበረ ፓትርያርክ የሚደርስ መዋቅር ዘረጋ። የእግዚአብሔር ጥበቃ የሚታየው በጊዜው ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን የኖረችበትን የመሬት ገቢ በአንድ ቀን አጣች፤ ያን ጊዜ መቅደሱ እንዳይዘጋ ያደረገው፣ ሰበካ ጉባኤ ያደራጀው የምእመናን አስተዋጽኦ ነበር።

በወጣትነቴ በአንድ የገጠር አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። ሙዳየ ምጽዋት በሚቆጠርበት ቀን ከቅዳሴ በኋላ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ሰሌን ይነጠፋል፤ የሣጥኑ ቁልፎች በተለያዩ ሰዎች እጅ ስለሚቀመጡ ሁሉም ካልተገኙ አይከፈትም። አንድ ቀን ሳንቲሙን በየዓይነቱ ደርድረን ስንጨርስ ሁለቱ ቆጣሪዎች በ40 ብር ተለያዩ። አስተዳዳሪው ቄስ ምንም ሳይቆጡ ገንዘቡን መልሰው በሰሌኑ ላይ ዘረገፉትና «እንደገና ከመጀመሪያው» አሉ፤ ጾም ነበርና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳንቀምስ ቆጠርን። በመጨረሻ ሒሳቡ ገጠመ፤ ቃለ ጉባኤውን እኔ ጽፌ አነበብሁ፤ መጻፍ የማይችሉት የምእመናን ተወካይ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው በቄሱ ፊርማ አጠገብ አሻራቸውን አኖሩ። የምእመናን ድርሻ ሲባል በዐይኔ የሚመጣብኝ ያ አሻራ ነው። እርሳቸው ያልፈረሙበት ሒሳብ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት አይሄድም ነበር፤ እርሳቸውም ግን ቄሱ መቼ እንዲቀድሱ ልወስን ብለው አያውቁም።

ወደ አሜሪካው አጥቢያችሁ ስንመጣ፣ የምትኖሩበት አገር ሕግ አጥቢያችሁን የሚያውቃት ለትርፍ እንዳልቆመ ማኅበር በመሆኑ፣ ቦርድና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖራት ይጠይቃል። ይህን መፈጸም ግዴታ ነው፣ ነውርም የለበትም። የሕንፃውን ብድር፣ የዓመቱን በጀት፣ የኢንሹራንሱንና የጥገናውን ነገር ጠቅላላ ጉባኤው ቢወስን መብቱ ነው። ችግሩ የሚመጣው «ሙሉ ሥልጣን» የሚለው ቃል ከሕንፃው አልፎ ወደ መቅደሱ ሲገባ ነው። በመለያየቱ ዘመን ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ «ገለልተኛ» ተብለው የቆዩ አጥቢያዎች ደንባቸውን ሲጽፉ ቅዱስ ሲኖዶስንም ሀገረ ስብከትንም ሳይጠቅሱ ያለፉት ከክፋት ሳይሆን ከዘመኑ ቁስል የተነሣ እንደሆነ እረዳለሁ። ዛሬ ግን ያ ምክንያት የለም። ደንባችሁ በትምህርተ ሃይማኖት፣ በሥርዓተ አምልኮና በካህናት ሢመት ጉዳይ ለቅዱስ ሲኖዶስ ውሳኔ እንደምትገዙ፣ በሀገረ ስብከቱ ሊቀ ጳጳስ ሥር እንደሆናችሁ በግልጽ የማይናገር ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ መሻሻል ያለበት እርሱ ነው።

የልደት በዓል ጉዳይም በዚሁ ይፈታል። ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ቀን የሚከበረው በአጥቢያ ስምምነት አይደለም፤ የመላዋ ቤተ ክርስቲያን የዘመን አቈጣጠር፣ የነቢያት ጾም ፍጻሜ፣ የግጻዌው (የየዕለቱን ምንባብ የሚወስነው መጽሐፍ) ምንባብ ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤያችሁ በሙሉ ድምፅ እንኳ ቢስማማ በዓሉን ወደ እሑድ ሊያዛውረው ሥልጣን የለውም፤ ቅዱስ ፓትርያርኩም በአንድ ደብዳቤ ሊያዛውሩት አይችሉም። ነገር ግን የቀረበው ችግር እውነተኛ ችግር ነው፤ ሕፃናቱ የልደትን ቅዳሴ ሳያዩ ማደጋቸው እናንተን ብቻ ሳይሆን እኔንም ያሳስበኛል። አጥቢያው በራሱ ሥልጣን ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነገር አለ፦ የሌሊቱ ማኅሌትና ቅዳሴ በዕለቱ ከተፈጸመ በኋላ የልጆቹን መዝሙር፣ ትምህርቱንና የማዕድ መርሐ ግብሩን በቀጣዩ እሑድ ማድረግ፣ ሠራተኛው ከቅዳሴ ወደ ሥራው እንዲደርስ የቅዳሴውን ሰዓት ከካህናቱ ጋር መመካከር፣ ለልጆች ትምህርት ቤት የሃይማኖት በዓል መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በአጥቢያው ማኅተም መስጠት።

ከዚህ የሚያልፍ ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ የአንጾኪያን መንገድ ያዙ። የድምፅ መስጫው ሐሳብ ከጠቅላላ ጉባኤው አጀንዳ ይውጣና በሰበካ ጉባኤው በኩል በአቤቱታ መልክ ይጻፍ፤ ስንት ቤተሰብ እንደሚቸገር፣ ልጆች በስንት ዓመታቸው እንደሚርቁ፣ ምን እንደሞከራችሁ በዝርዝር ይገለጽበት፤ አስተዳዳሪው ፈርመውበት ለሀገረ ስብከቱ ሊቀ ጳጳስ ይላክ። እርሳቸው በመመሪያ የሚፈቱት ከሆነ ይፈቱታል፤ ከሥልጣናቸው በላይ ከሆነም በርክበ ካህናት ወይም በጥቅምቱ ምልአተ ጉባኤ ሊያቀርቡት ይችላሉ። አቤቱታው ከተጻፈ በኋላ ከመላኩ በፊት በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ይነበብ፤ የተቃወመውም የደገፈውም ሰምቶት ይሂድ።